የሮማንቲክ ኮሜዲ ዲስክ ሲገመገም መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ከሁሉም የባሰው «ሮማንቲክ ኮሜዲ እኮ ነው፣ ምስሉና ድምፁ ምን ይመረመርለታል?» ብሎ ማለፍ ነው። ዲስክ የሚፈተነው በፍንዳታና በመኪና ማሳደድ ብቻ የሚመስላቸው ገምጋሚዎች ብዙ ናቸው። ተሳስተዋል። የዚህ ዓይነት ፊልም ያለው ፊትና ንግግር ነው። ሳቁ የሚመጣው ተዋናይዋ ቅንድቧን ትንሽ ስታነሳ፣ ወይም ከመመለሷ በፊት ለግማሽ ሰከንድ ዝም ስትል ነው። ዲስኩ ይህችን ካላሳየና ካላሰማ ቀልዱ የለም!

ስለዚህ በደብዛዛ መብራት የተቀረጸ የእራት ትዕይንት ፈልጉና ምስሉን አቁሙት። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ይለያል? ጠቃጠቆውስ ይታያል? ፊቱ እንደ ሰም ከለሰለሰ፣ ምስሉን ለማጽዳት የተጠቀሙበት ማጣሪያ ዝርዝሩንም አብሮ ጠርጎታል። በፀጉሩና በትከሻው ዳር ነጭ መስመር ከወጣ የምስሉን ጠርዞች ከልክ በላይ አጉልተዋቸዋል። ከኋላ ያለው ጨለማ ግድግዳ አራት ማዕዘን እየሆነ ከተቆራረጠ ደግሞ ችግሩ ፋይሉ ሲጨመቅ የመጣ ነው። በ35 ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸ ሥራ ላይ የሚርመሰመሱት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ግን የፊልሙ ተፈጥሮ ናቸው፤ ነጥብ አትቀንሱባቸው።

ይህን ሁሉ ከማየታችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን ወደ ሲኒማ ሞድ ቀይሩ፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም ቅንብር አጥፉ።

ንግግሩ አይሰማም ብሎ ዲስኩን መውቀስ ሌላው ጥፋት ነው። በ5.1 ድምፅ (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ የባስ ስፒከር ተከፋፍሎ በተቀዳ ድምፅ) ንግግሩ በአብዛኛው የሚወጣው ከመሃለኛው ስፒከር ነው። ያላችሁ ሁለት ስፒከር ብቻ ሆኖ ማጫወቻው 5.1 ላይ ከተሞላ፣ ሙዚቃው ይጮሃል፣ ሹክሹክታው ይጠፋል። ማጫወቻውን ወደ ስቴሪዮ መልሱና እንደገና ስሙ፤ ያኔም ካልተሰማ ፍረዱ።

የፓል ዲቪዲ (በሰከንድ 25 ፍሬም ለሚያሳየው የቴሌቪዥን ስርዓት የተሠራ) አጥሮ ሲገኝ «ትዕይንት ቆርጠዋል» ብላችሁ አትጻፉ። በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸው በ25 ስለሚጫወት 100 ደቂቃው 96 ይሆናል። ካልተስተካከለ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ሙዚቃ ለለመደ ጆሮ ይህ ያስታውቃል፤ መጻፍ ያለበትም እሱ ነው።

ከምስሉ በላይና በታች ጥቁር መስመር ማየትን እንደ ጉድለት መቁጠርም አለ። በ2.39 ለ 1 (ወርዱ የቁመቱ 2.39 እጥፍ ሆኖ) የተቀረጸ ፊልም ስክሪኑን ሞልቶ ከመጣ ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ ተቆርጧል ማለት ነው። በጠረጴዛ ዳርና ዳር የተቀመጡ ሁለት ፍቅረኞች ካሉ፣ አንደኛው ሲናገር የሌላኛው ፊት የለም። የምንስቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሚሰማው ሰው ፊት ነው።

የትርጉም ጽሑፉን ጊዜ ሳያዩ ማለፍ አይገባም። የቀልዱ መደምደሚያ ተዋናዩ ሳይናገረው ታች ከተጻፈ ተመልካቹ ቀድሞ ይስቃል፤ ትዕይንቱ ተበላሸ ማለት ነው። ረጅም ንግግር ያለባቸውን ሦስት ቦታዎች መርጣችሁ ፈትሹ።

ዘፈኖቹንም ሲኒማ ቤት ከታየው ቅጂ ጋር አወዳድሩ፦ ፈቃዱ ለዲስክ ካልተገዛ በሌላ ዘፈን ሊተኩት ይችላሉ፤ ሽፋኑ ላይ ላይጻፍም ይችላል።

ተጨማሪዎችን በብዛታቸው አትመዝኑ። የሦስት ደቂቃ የማስታወቂያ ቃለ መጠይቅ አሥር ቢደረደር አንድ የዳይሬክተር ማብራሪያ አያክልም። ይባስ ብሎ 4.7 ጊጋባይት ብቻ በሚይዝ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ ላይ ሲታጨቁ የሚበሉት የፊልሙን ድርሻ ነው። ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ የፋይሎቹን መጠን ተመልከቱ፤ ያ የእራት ትዕይንት ለምን እንደተቆራረጠ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል።