የደረቀ ሲላንት ከብስክሌት ልብስ ላይ ማስለቀቅ፦ ችግርና መፍትሄ

ቱብለስ ጎማ (የውስጥ ላስቲክ የሌለው ጎማ) ውስጥ፣ ሲበሳ ቀዳዳውን እንዲደፍን የሚሞላው ነጭ ፈሳሽ፣ ሲላንት፣ በአብዛኛው ላቴክስ ነው፦ ውሃ ውስጥ የተበተነ የተፈጥሮ ጎማ፣ እንዳይረጋ አሞንያ፣ በብርድ እንዳይጋገር ግላይኮል፣ ቀዳዳ የሚደፍኑ ደቃቅ ቅንጣቶች። ልብስ ላይ ሲያርፍ ውሃውና አሞንያው ይተናሉ፣ ጎማው ይቀራል። ስለዚህ የሚታገሉት ከእድፍ ጋር ሳይሆን ክር ውስጥ ሰርጎ ከያዘ ጎማ ጋር ነው። የልብስ ሳሙና ምንም ያህል ቢበዛ ጎማ አያሟሟም። ጎማን የሚያላላው ዘይትና ከነዳጅ የሚወጣ ፈሳሽ ነው፤ ሲነካው ያብጣል፣ ጉልበቱን ያጣል፣ ከዚያ በጣት ተፈርፍሮ ይለቃል።

ከመጀመርዎ በፊት ነጠብጣቡን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው 10 ደቂቃ ይተዉት። ሙልጭልጭ ካለ ሲላንቱ ላቴክስ የሌለው፣ በግላይኮልና በቃጫ የተሠራ ነው፤ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ይለቃል። በጥፍር ሲጎትቱት ተለጥጦ ወደ ቦታው ከተመለሰ ግን ላቴክስ ነው፤ ልብሱን አድርቀው ከታች ያለውን ይከተሉ።

ገና እርጥብ ከሆነ

በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያጥቡት፣ ይበቃዋል። ንጹሕ ውሃ ግን ንጹሕ ውሃ ይሁን። ኮዳ ውስጥ ያለው የስፖርት መጠጥ አሲድነት አለው፣ አሲድ ደግሞ ላቴክስን እዚያው ያረጋዋል። የጎማ እርሻ ላይ የዛፉን ወተት ወደ ጎማ የሚለውጡት በአሲድ ነው። «ኮምጣጤ እድፍ ያስለቅቃል» ተብሎ ትኩስ ሲላንት ላይ ኮምጣጤ ሲፈስ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ታጥቦ ይሄድ የነበረው ፈሳሽ በሰከንዶች ውስጥ ጎማ ይሆናል። ወዲያው ማጠብ ካልተቻለ ልብሱን አርጥበው በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስረው ያቆዩት፤ እስካልደረቀ ድረስ ዕድል አለ።

ማሊያው ጀርባና ቁምጣው መቀመጫ ላይ የተሰለፉ ጠንካራ ነጠብጣቦች

ዋናው ችግር ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ተደምሮ የዚህን ያህል አያጋጥምም።

መንስኤው፦ የኋላ ጎማ ሲበሳ ቀዳዳው እስኪደፈን ድረስ የሚሽከረከረው ጎማ ሲላንቱን ወደ ላይ ይረጨዋል። የሚያርፈው ከመቀመጫ እስከ ትከሻ ባለው መስመር ላይ ነው። ባለቤቱ የራሱን ጀርባ አያይም። ቤት ገብቶ ልብሱን ከሌላው ጋር አደባልቆ በ60 ዲግሪ ያጥባል፣ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ይከታል፣ ነጠብጣቡን የሚያየው ሲያጥፍ ነው። ሙቀቱ እስከዚያ ድረስ ጎማውን አለስልሶ ወደ ክሩ ውስጥ አስርጎታል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥፋት ደግሞ ከነጠብጣቡ ይብሳል። አንዱ አሴቶን ያፈስበታል። አሴቶን የተፈጥሮ ጎማን እምብዛም አይነካም፤ የታተመውን ጽሑፍና አንዳንዱን ቀለም ግን ያነሳል። ስለዚህ ጽሑፉ ይጠፋል፣ ሲላንቱ ባለበት ይቀራል። ሌላው በምላጭ ይፍቃል ወይም በሽቦ ብሩሽ ይፈትጋል፤ የብስክሌት ልብስ ክሩ ቀጭን ስለሆነ መጀመሪያ የሚለቀው ክሩ ነው፣ ጎማውም በቀዳዳው ዙሪያ ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል። ሦስተኛው በረኪና ይዘፈዝፈዋል። በረኪና ልብሱ እንዲለጠጥ የሚያደርገውን ሊክራ ይበላል፤ ሲላንቱን አያስለቅቅም፣ ቁምጣው ግን ይላላል።

ማስለቀቂያው እንዲህ ነው።

ልብሱ ሙሉ በሙሉ ደረቅ ይሁን። ክሩ ውሃ ከያዘ ዘይቱ አይገባም፤ ብዙ ሰው «ዘይት ሞክሬ አልሠራም» የሚለው እርጥብ ልብስ ላይ ስለሚሞክር ነው። መጀመሪያ ወፍራሙን በእጅ ያንሱ። ጨርቁን በሁለት እጅ ለጠጥ አድርገው የነጠብጣቡ ጠርዝ ሲነሳ በጥፍር ይያዙትና ከጨርቁ ጋር አስተኝተው ወደ ጎን ይጎትቱት። ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ከሳቡት ክር ይዞ ይወጣል።

ቀጥሎ ቤቢ ኦይል። በየነጠብጣቡ ላይ 2 ወይም 3 ጠብታ ከፊት፣ ልብሱን ገልብጠው ያንኑ ያህል ከኋላ። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይተዉት። ግልጽና ጠንካራ የነበረው ነጠብጣብ አብጦ ሲፈዝና ጥፍር ሲጫኑበት ቅርጽ ሲይዝ ደርሷል ማለት ነው። ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፈው በአውራ ጣት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያሹት፤ ጎማው እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ይወጣል። ወዲያና ወዲህ ማሸት ፍርፋሪውን መልሶ ያስገባዋል። ያልለቀቀው ላይ ዘይት ጨምረው አንድ ጊዜ ይድገሙት።

ዘይቱ ያልቻለውን፣ በተለይ ማድረቂያ ማሽን የገባውን፣ ክር ያለው ላይተር የሚሞላበት ንጹሕ ቤንዚን ያላላዋል። መጀመሪያ በማይታይ የውስጥ ስፌት ላይ ጠብ አድርገው በነጭ ጨርቅ ይጫኑት፤ ቀለም ከያዘ ይተዉት። ካልያዘ ጨርቁን በቤንዚኑ አርሰው ከልብሱ ውስጠኛ ገጽ በኩል ይጫኑ እንጂ ልብሱ ላይ አያፍስሱ። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በኋላ እንደ ቀድሞው በጣት ያሹ። ከታተመ ጽሑፍ፣ ከሚያንጸባርቅ ጥብጣብና ከቁምጣው ጫፍ ሲሊኮን ያርቁት። የመኪና ቤንዚን አይጠቀሙ፤ ቀለምና ሽታ ይተዋል፣ ለጤናም መጥፎ ነው። ነጭ ጋዝ ይሠራል፣ ሽታው ግን ቶሎ አይለቅም።

ይህ ሥራ የሚሠራው ደጅ ነው፤ እሳት፣ ሲጋራ፣ የሚበራ ምድጃ አጠገብ በፍጹም አይሆንም። የላቴክስ ጓንት አያድርጉ፤ ሲላንቱን የሚያላላው ፈሳሽ ጓንቱንም ያላላዋል። የናይትራይል ጓንት (ዘይትና ቤንዚን የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ጎማ) ያድርጉ። ቤንዚን የነካው ልብስ ሽታው እስኪጠፋ ደጅ ላይ ሳይሰጣ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም፤ ጋኑ ውስጥ የታመቀ ትነት ይቀጣጠላል። ማድረቂያ ማሽን ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ፤ ዘይት የቀረበት ልብስም በሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ጎማው ከወጣ በኋላ የዘይቱ ተራ ነው። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ውሃ ሳይነካው ዘይቱ ላይ አፍስሰው 5 ደቂቃ በጣት ያሹት። ውሃው ከሳሙናው ከቀደመ ሳሙናው ቀጥኖ ዘይቱን አይዝም። ከዚያ በ30 ዲግሪ ያጥቡ፣ ማለስለሻ አይጨምሩ፣ ጥላ ላይ ያስጡ። ሲደርቅ በደማቅ ብርሃን ይመልከቱት፤ የቀረ ካለ መድገም የሚቀለው ሙቀት እስካልነካው ነው።

ሁለት ዙር ቤንዚን ያላነቃነቀው አይለቅም። ያቁሙ። ትንሽ ነጠብጣብ ያለበት ማሊያ ይለበሳል፤ የተቀደደ አይለበስም።

ጎማው ወጥቶ ግራጫ ጥላ ቀርቷል

ላቴክሱ ይዞት የነበረው የመንገድ አቧራ ነው። ነጭ ፖሊስተር ከሆነ ኦክስጅን ባለው ማንጪያ በለብታ ይዘፍዝፉት። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከቀረ በፕላስተር ተጭነው ያንሱት።

ነጠብጣቡ ቡናማ ሆኖ ይጣበቃል

ቆይቶ ያረጀ ጎማ ነው። ከአዲሱ ቀለል ይላል፤ ዘይት በ30 ደቂቃ ያላላዋል።

ፍሪዘር

እንደ ማስቲካ ይሰነጠቃል ብለው አይጠብቁ። የተፈጥሮ ጎማ የሚሰባበረው ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ የቤት ፍሪዘር 18 ላይ ይቆማል። ወፍራም ጓል ትንሽ ጠጠር ብሎ ለመያዝ ይመቻል፣ ከዚያ አያልፍም።

የሱፍ ማሊያ

ቤቢ ኦይልና ለስላሳ ሳሙና ብቻ፣ በቀዝቃዛ ውሃ። በኃይል ከታሸ ይኮማተራል። በረኪና ሱፍን ያሟሟል።

የዝናብ ጃኬት

ዘይትም ቤንዚንም አይንካው፤ ውሃ የሚከላከለውን ሽፋንና ሙጫውን ያበላሻሉ። ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ሲላንቱ አብዛኛውን ጊዜ በደረቁ በአውራ ጣት ሲገፉት እንደ ልጣጭ ይነሳል።

የቁምጣው ፓድ

ፓዱ በሙጫ የተያያዙ የስፖንጅ ንጣፎች ነው። ቤንዚን ሙጫውን ይፈታዋል፣ ስፖንጁ ውስጥ የገባ ቤንዚንም በቀላሉ አይወጣም፤ እላዩ ላይ ለሰዓታት የሚቀመጠው ደግሞ ቆዳ ነው። በጥፍር የሚነሳውን ብቻ ያንሱ፣ በሳሙና ያጥቡት። የቀረው ከቆዳ በማይገናኘው በኩል ከሆነ አይጎዳም። ከቆዳ በሚገናኘው በኩል ከሆነና ላቴክስ የማይስማማዎ ከሆነ ግን ያንን ቁምጣ አይልበሱት።