አዲሱ አኳሪየም ለምን ደፈረሰ? ከጠጠሩ የሚነሱ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጎረቤትም ሆነ የሥራ ባልደረባ፣ አኳሪየም በገዛ በሳምንቱ ይደውልልኛል። «ውሃው ደፈረሰብኝ» ነው ቃሉ። እኔም ከሁሉ አስቀድሜ «ከመቼ ጀምሮ?» እላለሁ፤ ከታች የሚነጠፈው ጠጠር የሚያመጣው ችግር ሁሉ የራሱ ሰዓት አለውና።

ውሃ እንደተሞላ ወዲያው ከደፈረሰ

አቧራ ነው። በከረጢት ታሽጎ የመጣ ንጹሕ የሚመስል ጠጠር እንኳን በጉዞ ላይ እርስ በርሱ ሲፋጭ ዱቄት ያወጣል። ሦስት ሦስት ኪሎ እየከፈሉ በሳፋ ውስጥ ምስር እንደሚታጠበው በእጅ እያሹ ይጠቡት። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ የእጅዎን ጥፍር አጥርቶ እስኪያሳይ ድረስ አይተዉት። ሳሙናም ሆነ ኦሞ እንዳይነካው፤ ከድንጋዩ ቀዳዳ ተጠርጎ አይወጣም፣ የዓሣውንም ስንጥብ ይጎዳል።

እኔ የምኖርበት ፒያሳ አካባቢ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ይህ እጥበት ጀሪካን ይጨርሳል። የመጨረሻዎቹን እጣቢዎች በባልዲ ያሳድሯቸው፤ ጠዋት አቧራው ዘቅጦ ከላይ የጠራው ለሚቀጥለው ጠጠር የመጀመሪያ እጥበት ይሆናል። ጭቃውን አበባ ላይ ይድፉት እንጂ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ አይድፉ፤ ቱቦ ይደፍናል።

ስንት ኪሎ እንደሚያስፈልግ ሳያውቁ መግዛትም ሥራውን ያበዛል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ አኳሪየም 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢያነጥፉ 9 ሊትር ጠጠር ነው። አንዱ ሊትር ወደ 1.5 ኪሎ ስለሚመዝን 14 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ካነጠፉ በኋላ ጠጠሩ ላይ ሳህን አስቀምጠው ውሃውን ሳህኑ ላይ ያፍስሱ። አስቀድመው ሞልተው ከደፈረሰ፣ ዓሣም ካልገባበት፣ እኔ የምመክረው አውጥቶ እንደገና ማጠብ ነው። ይዘቅጣል ብለው ቢተዉት ዓሣው ሲቆፍር ይነሳል፣ ፊልተሩንም ይደፍናል።

በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ወተት ጠብ ያለበት ከመሰለ

ይህ አቧራ አይደለም፤ በአዲስ ውሃ ውስጥ በአንዴ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው። ጠጠሩን አይንኩት! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ አውጥቶ በቧንቧ ውሃ ያጥበዋል፣ ክሎሪኑም የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩትን ሌሎች ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። እነዚህ ጠጠሩና ፊልተሩ ላይ ተደላድለው እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ምግብ ይቀንሱ፣ ይታገሡ፤ ድፍርሱ በቀናት ውስጥ በራሱ ይጠራል። የሚጨምሩት የቧንቧ ውሃ በክፍት ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ። ወደፊት ጠጠሩን ማጠብ ካስፈለገም ከራሱ ከአኳሪየሙ በተቀዳ ውሃ ይሁን።

ውሃው ጠርቶ ሳለ ዓሣው ክንፉን አጥፎ ጥግ ከያዘ

በዚህኛው ላይ ልቆይ፣ ዓሣ የሚያሳጣው ይህ ነውና። የመጀመሪያው አኳሪየሜ ውስጥ ያነጠፍኩት ለአበባ ማሰሮ የሚሸጥ ነጭ ጠጠር ነበር። ውበቱ ማርኮኝ ነው የገዛሁት። ሳምንታት ሲያልፉ የውሃው ፒ ኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካላይነቱ መለኪያ) በለካሁት ቁጥር ከፍ እያለ ሄደ፣ የመስታወቱም ጠርዝ ነጭ ቅርፊት ያዘ። ጠጠሩ እብነ በረድ ኖሯል። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ ቀስ በቀስ እየሟሙ ውሃውን «ከባድ»፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት ያደርጉታል። ፒ ኤች ሲጨምር ደግሞ ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ ይበልጥ መርዛማ ወደሆነው ዓይነቱ ይለወጣል። ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የመጡ ዓሣዎች እንዲህ ያለ ውሃ ይስማማቸዋል፤ ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድን ያነሰበት ውሃ የሚወዱትን እንደ ኒዮን ቴትራ ያሉትን ግን ያዳክማል።

ከመግዛትዎ በፊት አምስት ስድስት የጠጠር ፍሬ በቡና ስኒ ውስጥ አድርገው አቼቶ ያፍስሱበት። አረፋ እየሠራ ከተንጫጫ ይተዉት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሬድ አሽ የምንለው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደረቁን ከተነከረ አየር ስለሚያወጣ ያሳስታል። ውሃ ውስጥ አሳድረው፣ ላዩን አድርቀው፣ ከዚያ ይሞክሩት። ችግሩ አኳሪየሙ ውስጥ ከተገኘ መፍትሄው ጠጠሩን መለወጥ ብቻ ነው፤ ግን በአንድ ቀን ሳይሆን ከፍሎ ከፍሎ፣ ባክቴሪያዎቹ አብረው እንዳይጠፉ።

ለግንባታ የሚፈጨው ጥቁር ባዛልት በአቼቶው ፈተና ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ጠርዙ ግን ስለት ነው፤ ከታች እየጫሩ የሚበሉ ዓሣዎችን አፍ ያቆስላል። ከቀበናም ሆነ ከግንፍሌ ወንዝ ጠጠር አይልቀሙ። ፍሳሽና የመኪና ዘይት የገባበት ድንጋይ በማፍላት አይነጻም።  ሌላውን ጠጠር በፈላ ውሃ ማከም ከፈለጉ ባልዲ ውስጥ አድርገው ውሃውን ያፍስሱበት፤ ድስት ውስጥ አይጣዱት፣ ውስጡ እርጥበት የያዘ ድንጋይ ሊፈነዳ ይችላል።

ወርቃማ ዓሣ ላላቸው፦ ጠጠሩ ወይ ደቃቅ አሸዋ ይሁን፣ ወይ ከአፉ የሚበልጥ። መካከለኛው ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል።

ከወራት በኋላ የተበላሸ እንቁላል ከሸተተ

የጠጠሩ ንጣፍ ከልክ በላይ ወፍሯል፣ ወይም ጠጠሩ በጣም ደቃቅ ነው። የተቀበረ ምግብ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ቦታው በመስታወቱ በኩል ጥቁር ነቁጥ ሆኖ ይታያል። በአንዴ አያገላብጡት፣ ጋዙ ዓሣውን ይገድላል። ዓሣዎቹን ከዚያው አኳሪየም በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ያቆዩ። ጥቁሩን ቦታ በጎማ እየሳቡ ያውጡ፣ የቀረውን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አድርገው ያስተካክሉ፣ ውሃውን ግማሽ ያህል ይለውጡና ሽታው ሲጠፋ ዓሣዎቹን ይመልሱ።