ወረርሽኝ ባለበት ወቅት ለወሊድ አስቀድሞ መዘጋጀት

ኮቪድ-19 በኢትዮጵያ መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ በኋላ፣ ቫይረሱ በክትትል ወረፋ ላይ ይይዘናል ብለው ጤና ጣቢያ መሄድ የፈሩ ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም ወላድን በአብዛኛው የሚገድሉት የደም መፍሰስ፣ የደም ግፊትና ኢንፌክሽን ሲሆኑ፣ ቤት ውስጥ ሦስቱንም ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 እና 2015 ኢቦላ በሴራሊዮን በተስፋፋበት ወቅት ሴቶች ከጤና ተቋማት በመራቃቸው፣ በጥንቃቄ በተሠራ ስሌት 3,600 ያህል ተጨማሪ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞት መድረሱ ተገምቷል፤ ሞተው የተወለዱትም በዚሁ ውስጥ ተቆጥረዋል። ይህም ኢቦላ ራሱ በዚያች አገር ከገደላቸው ሰዎች ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው።

አዋላጆች ሦስት መዘግየቶች አሉ ይላሉ፦ ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ተቋሙ ዘንድ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ለማግኘት መዘግየት። ወረርሽኝ ሦስቱንም ስለሚያራዝም ዝግጅቱም በእነዚሁ ዙሪያ መሆን አለበት።

በመጀመሪያ ውሳኔውን ምጥ ከመምጣቱ በፊት ይጨርሱ። ከማህፀን ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ወይም ያለ ምጥ የሽርት ውኃ መፍሰስ ከታየ የማንም ፈቃድ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ እንደሚኬድ ከባለቤትዎና ከቤቱ ታላላቆች ጋር ይስማሙ። ክትትሉንም አያቋርጡ። ቀላል ጥያቄዎችን ለአዋላጇ በስልክ ማቅረብ ይቻላል፤ ደም ግፊትን መለካትና ሽንትን መመርመር ግን በስልክ አይሆንም።

አብዛኛውን ጊዜ የሚከብደው መንገዱ ነው። በ2012 ዓ.ም. በአገራችን ታክሲዎች ግማሽ ያህል ሰው ብቻ እንዲጭኑ ሲታዘዝ ታሪፉ በእጥፍ ጨምሮ ነበር። በኡጋንዳ የግል መኪና መንዳት በተከለከለበት ጊዜ ነፍሰ ጡሮች ሳይቀሩ ከወረዳው አስተዳደር የይለፍ ፈቃድ እንዲያገኙ ይጠበቅ ነበር፤ ግዴታው የተነሣላቸው ቆይቶ ነው። በናይሮቢ ደግሞ በሰዓት እላፊው ምክንያት ሌሊት ምጥ የያዛቸው ሴቶች መኪና ሲያጡ፣ አንዲት ሐኪም ነጻ መጓጓዣ የሚሰጥ ዊልስ ፎር ላይፍ የተባለ አገልግሎት መሥርታለች። እንዲህ ያለ እርዳታ በየሰፈሩ ስለማይገኝ ሌሊት ለመምጣት ቃል የገቡ ሁለት ሹፌሮችን ይያዙ፤ አንዱ ቢታመም ወይም ስልኩ ቢዘጋ ሌላው አለ። የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907 ሁሉም ቤተሰብ ስልኩ ላይ ይመዝግብ፤ ለመንገድም ገንዘብ ይቀመጥ። መኪና በማይገባበት ገጠር፣ ቃሬዛ የሚሸከሙትን ሰዎች ከእድሩ ጋር ተነጋግሮ በስም መወሰን ይገባል፤ በሽታው እያለ ማን እንደሚመጣ በምጥ ሰዓት መጠየቅ ጊዜ ይበላልና። ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ካለው፣ ክፍት መሆኑን አረጋግጦ ቀን ሳይደርስ እዚያ መግባት ከሁሉ የተሻለው አማራጭ ነው።

ሦስተኛው መዘግየት ተቋሙ ውስጥ ያለው ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ ሆስፒታሎች አጃቢ ከልክለዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ቫይረሱ የተገኘባትም ብትሆን ወላዷ የመረጠችው አንድ ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። ስለዚህ ጤነኛና የፊት ጭምብል ያደረገ አንድ አጃቢ ይምረጡ፤ የተቋሙንም ደንብ አስቀድመው ይጠይቁ። የክትትል ካርድ፣ ሳሙና፣ ጭምብልና፣ ቧንቧው ውኃ ላይኖረው ስለሚችል፣ ውኃ ይያዙ። ኮቪድ ስለተገኘ ብቻ በቀዶ ሕክምና መውለድ ግዴታ አይደለም። ሕፃኑንም ከእናቱ መለየት አያስፈልግም፤ እጇን ታጥባና ጭምብል አድርጋ ጡት ትስጠው። ቶሎ ወደ ቤት ለመመለስም አይቸኩሉ፤ ብዙ እናቶች የሚሞቱት በወለዱ በመጀመሪያው ቀን ስለሆነ 24 ሰዓት መቆየት ይገባል።

አራስ ጥየቃን ማስቀረት ለእኛ ሰው ይከብዳል። ቢሆንም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» በስልክ ሊባል፣ ገንፎውም በር ላይ ሊቀበሉት ይቻላል፤ አራሷን የምትንከባከብ አንዲት ሴት ብቻ ትግባ። የሚያስሉ ጠያቂዎችን የመመለሱ ኃላፊነት የባልየው ይሁን፤ አራሷ አፍራ ታስገባለች። በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ግን ጤና ባለሙያ ይያት፤ የሕፃኑም ክትባት አይለፍ። ደም ከበዛባት፣ ትኩሳት ከያዛት ወይም ከማህፀኗ የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ ቀጠሮውን ሳትጠብቅ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያው ትመለስ።