ግድግዳ ላይ የቀረ የጠንቋይ ዜና እንዴት ይነበባል

ባሕር ዳር፣ ግሽ ዓባይ ሰፈር ያለውን የአያቴን ቤት ልንመርግ ስንል ነው ነገሩ የጀመረው። ጓዳው ከላይ እስከ ታች በጋዜጣ ተለጥፏል። ጭሱ አጥቁሮታል፣ የጣና እርጥበት ጠርዙን በልቶታል። ጭቃው ይቆየን ብዬ የጠንቋይ ዜና ስለቅም ከረምኩ። እናንተም እንዲህ ያለ ግድግዳ ካላችሁ፣ ሳትመርጉ በፊት ይቺን አንብቡ።

መጀመሪያ ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሡ። ፍላሹን አጥፉት፣ ያንጸባርቃል። ጠዋት መስኮት ከፍቶ ማንሣት ይሻላል። ለመላጥ አትቸኩሉ። የድሮ ሰው የሚለጥፈው በዱቄት ሙጫ ነው፤ ዱቄት ደግሞ በውሃ ይለሰልሳል። ንጹሕ ጨርቅ አርሱ፣ በደንብ ጭመቁ፣ ወረቀቱ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ደግፉት። ከዚያ በስስ ቢላ ከጥግ ጀምሩ። እኔ የመጀመሪያውን በጥፍሬ ልላጥ ብዬ ለሁለት ቀደድኩት፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የተላጠውን ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ቢጫ አድርጎ ያደርቀውና ይሰባበራል።

ቀኑን ፈልጉ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ሊሆን ይችላል፤ ፲፱፻፶ ማለት 1950 ነው። አዲስ ዘመን ከሆነ ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ የመጀመሪያው እትም የወጣው ያን ቀን ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «አስማት» የሚል ርዕስ መፈለግ ድካም ነው። እኔ ሳምንት ሙሉ ፈልጌ ሳጣ ጎረቤታችንን የኔታን ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ አስማት እኮ ስሞች ማለት ነው፤ የስም ብዙ ቁጥር ነው በግዕዝ» አሉኝ። ክታብ ላይ የሚጻፉት የአምላክ ስሞች ናቸው መነሻው። ስለዚህ ጋዜጣው ላይ ሌላ ቃል ያዙ፦ ጠንቋይ፣ ቃልቻ፣ መድኃኒተኛ፣ ኮከብ ቆጣሪ፣ አጉል እምነት። አዲስ ነገር ሲያስደንቅ ደግሞ ስሙ ሰይጣን ነበር። የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎታል።

ሌባሻይ የሚል ካያችሁ ከምትጠጡት ሻይ ጋር አታገናኙት። መሻት ከሚለው ነው፣ ሌባ ፈላጊ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፣ ራሱን ሲስት ወገቡን አስረው ይለቁታል። የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። ዛሬ ጉድ እንላለን እንጂ በጊዜው መንግሥት የሚያውቀው የምርመራ ሥራ ነበር።

የፊት ገጽ ላይ ጊዜ አታጥፉ። እዚያ ያለው ሹመትና ጉብኝት ነው። የእኔ ግድግዳ ላይ ጠንቋይ የተገኘው ፍርድ ቤት ዜና ውስጥ፣ ከጠፋ ማኅተም ማስታወቂያ አጠገብ ነው።

ስታነቡ ግሡን ተከተሉ። ተራ ሌባ ሲሆን ጸሐፊው «ሰረቀ» ብሎ ይቆርጣል። ጠንቋይ ላይ ሲደርስ ግን ይለሳለሳል፦ «አውቃለሁ ብሎ»፣ «አደርጋለሁ እያለ»። የሚሳለቅ ይመስላል። ግን መድኃኒቱን በስሙ አይጠራውም፣ «አንዳንድ ነገር» ብሎ ያልፈዋል። አንባቢ እንዳይሞክረው ይሁን ራሱ ፈርቶ እናንተ ፍረዱ። እኔ ፈርቶ ነው ባይ ነኝ።

ከሁሉ የወደድኩት ከምድጃው በላይ ያለችው ቁራጭ ናት። አንድ ሰውዬ የጠፋ በሬ አገኛለሁ ብሎ ገንዘብ ተቀበለ። ተከሰሰ፣ ተቀጣ። ጸሐፊው አጭበርባሪነቱን ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ በሬው በሦስተኛው ቀን መገኘቱን በአንዲት መስመር ጣል ያደርጋል። እንዴት እንደተገኘ የለም። የቀረው ወረቀት መስታወት ለመስቀል ሲባል ተቆርጧል።

ጮክ ብዬ ሳነብላቸው አያቴ ቡና እየቆሉ ያዳምጣሉ። ጨረስኩ። መቁያውን አወዛወዙና፣

«ታዲያ በሬው ከተገኘ ለምን ቀጡት?» አሉኝ።