«ገባልህ?»፦ የስካንና የካርድ ክፍያ ችግሮችና መፍትሄያቸው ለሱቅና ለካፌ

ባንኮኒ ላይ ከሚነሱ የክፍያ ጭቅጭቆች አብዛኞቹ አንድ ምንጭ አላቸው። የደንበኛው ስልክ የሚያሳየው ብሩ መላኩን ነው። መግባቱን የሚያሳየው የእናንተ ሂሳብ ብቻ ነው።

ደንበኛው «ከፍያለሁ» ይላል፣ የእኛ ስልክ ግን ዝም ብሏል

በምሳ ሰዓት ካፌ ውስጥ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። አስተናጋጇ የደንበኛውን ስክሪን በስልኳ ፎቶ ታነሳለች፣ «እሺ» ትላለች፣ ሰውየው ይወጣል። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ፎቶው አለ፣ ብሩ የለም።

ምክንያቱ ሁልጊዜ ሌብነት አይደለም። መልእክቱ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ቁጥሩን በእጁ ሲጽፍ አንድ አሃዝ ስቶ ብሩ ሌላ ሰው ጋ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ስክሪንሾቱ የትናንት ወይም የተቀነባበረ የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

መልእክት አትጠብቁ። የራሳችሁን መተግበሪያ ከፍታችሁ የገቢ ዝርዝሩን እዩ፤ የግብይት ቁጥሩን፣ መጠኑንና ሰዓቱን አመሳክሩ። ከንግድ ባንክ የተላከ ከሆነ የግብይት ቁጥሩ በ«ኤፍቲ» (FT) ይጀምራል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ በ09 ከሚጀምር ተራ ቁጥር «ብር ገብቶልዎታል» የሚል ከመጣ፣ አጻጻፉ ምንም ያህል ቢመሳሰል ሐሰተኛ ነው። ብሩ በስህተት ሌላ ቁጥር ላይ ከገባ ለላከበት አገልግሎት ማመልከት ያለበት ላኪው ራሱ ነው፤ እናንተ ብትደውሉ የሚሰማችሁ የለም።

ሌላም አለ፤ እንዲያውም በጣም የተለመደው እሱ ይመስለኛል። ሂሳቡ የተከፈተው በባለቤቱ ስልክ ነው፣ ባለቤቱ መርካቶ ዕቃ እየገዛ ነው፣ ልጁ ባንኮኒ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ 340 ብር ገባልዎት?» እያለ ይደውላል። በዚህ አካሄድ ሱቅ አይሠራም። በግል ሂሳብ ከመቀበል የነጋዴ ሂሳብ አውጡ፤ ስታወጡም ለሽያጭ ሠራተኛ የሚሆን የራሱ መግቢያ ወይም ማሳወቂያ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ከደንበኛው ተቀንሷል፣ ለእኛ አልገባም

እዚህ ላይ ትልቁ ጥፋት «በል እስቲ ድጋሚ ላክ» ማለት ነው። ሁለቱም በኋላ ሊገቡ ይችላሉ። መጀመሪያ በደንበኛው መተግበሪያ የግብይቱን ሁኔታ እዩ። «በሂደት ላይ» ከሆነ መጠበቅ ነው፤ «አልተሳካም» ካለ የተቀነሰው ወደራሱ ይመለሳል። የግብይት ቁጥሩን ወረቀት ላይ ያዙት። የሰፈር ደንበኛ ከሆነ አምናችሁ ሸኙት። የማታውቁት ከሆነ ጥሬ ብር ጠይቁ፣ ስልኩን መዝግቡ፣ በኋላ ሲገባ መልሱለት።

ኪውአሩ (ስካን የሚደረገው ኮድ) አይነበብም

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላሚኔቱ ነው፤ መብራት ሲያርፍበት ያንጸባርቃል። ሥጋ ቤት ከሆነ ደግሞ ቅባት ነው። ጥረጉት፣ ከአምፖሉ ፊት አንሱት፣ ፀሐይ ያደበዘዘውን አሳትሙት። የአንዱን አገልግሎት ኮድ የሌላው መተግበሪያ ላያነበው ስለሚችል የነጋዴ ቁጥራችሁን ከሥሩ በትልቁ ጻፉት።

ስካን ሲደረግ የሌላ ሰው ስም ይመጣል

አቁሙት። ምናልባት አንድ ሰው የራሱን ኮድ በእናንተው ላይ ለጥፎበታል። ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ ኮዱን በጥፍራችሁ ጫፉን ነካ አድርጉት፣ በራሳችሁ ስልክም ስካን አድርጋችሁ ስሙን አረጋግጡ። ደንበኛውም የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት የመጣለትን ስም ጮክ ብሎ እንዲያነብ ልምድ አድርጉት።

ኢንተርኔት የለም

ስካን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በ*127# ቴሌብር፣ በ*889# ንግድ ባንክ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ችግሩ «ሲስተም የለም» ከሆነ ስልክ መቀያየር ትርፉ ድካም ነው። የሁለተኛ ባንክ ሂሳብ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ካርዱን ወይም ስልኩን ሲያስጠጉት ማሽኑ አይቀበልም

ይህ በብዛት ከውጭ በመጡ ደንበኞች ይገጥማል። ካርዱ ላይ የሞገድ ምልክት ከሌለ በማስጠጋት አይሠራም፣ ቺፑን አስገቡ። ምልክቱ ካለ ርቀቱን እዩ፤ ከ4 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ አያነብም። አንቴናው በአንዳንዱ ማሽን ስክሪኑ ላይ፣ በሌላው ከላይ ጫፉ ላይ ስለሆነ ምልክቱ ያለበትን ቦታ ፈልጉ፣ እስኪጮህም ሳታንቀሳቅሱ ያዙ። ቦርሳ ውስጥ ሁለት ካርድ ካለ ማሽኑ ይምታታበታል፤ አንዱን ያውጡት። ስልክ ከሆነ ኤንኤፍሲ (NFC) የሚባለው የማስጠጋት አገልግሎቱ መከፈቱን እዩ፣ ብረት ያለበትን መያዣም አስወልቁ።

በስልክ የከፈለ ሰው ዕቃ ሲመልስ ደረሰኙ ላይ ያሉት የመጨረሻ 4 አሃዞች ከፕላስቲክ ካርዱ ጋር ላይገጥሙ ይችላሉ። ስልኩ ለካርዱ የተለየ ቁጥር ስለሚጠቀም ነው፤ አትጠርጥሩት። ገንዘቡን ስትመልሱ የከፈለበትን ያንኑ ስልክ እንዲያስጠጋ አድርጉ።