ኮንተንት ለሚያዋጣ ሰው ሽልማት እየሰጣችሁ ግሩፓችሁን ለብር ብቻ በመጣ ሰው ሳታስሞሉ እንዴት ታሳድጋላችሁ

ቴሌግራም ላይ "50 ሰው አድ ላደረገ የ100 ብር ካርድ" የሚል ግሩፕ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ሰዉ ይጎርፋል፣ ቁጥሩ በአንዴ ይተኮሳል፣ ከዛ ካርዱ ሲቆም ግሩፑም ጸጥ ይላል፣ ያ ሁሉ ሺ ሰው ቁጭ ብሎ ሰላም ናችሁ የሚል እንኳን የለም። አድሚኖቹ ደሞ "ሰው ጥቅመኛ ሆኗል" እያሉ ያማርራሉ። እኔ ግን ሰውየው ምን አጠፋ ነው የምለው፣ አድ አድርግ አላችሁት አደረገ በቃ፣ የከፈላችሁበትን አገኛችሁ። ስለዚህ ሽልማት ልትጀምሩ ካሰባችሁ ከምንም በፊት ቁጭ ብላችሁ ብሩ በትክክል ለምን ስራ እንደሚወጣ ወስኑ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ለሚጽፍ ሰው መክፈል በትልቁ የተሞከረው ስቲሚት የሚባል ሰው ጽሁፍ የሚለጥፍበት ድረገጽ ላይ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። 2016 ላይ ተጀመረ፣ ፖስት ታደርጋለህ፣ ሰው ላይክ ሲያደርግልህ ስቲም የሚባል ክሪፕቶ ታገኛለህ፣ ላይክ ያደረገውም ድርሻ አለው፣ የላይኩ ክብደት ደሞ ሰውየው ባስቀመጠው ስቲም ልክ ነው። ሀሳቡ ያምራል አይደል? ግን ብዙም ሳይቆይ ላይኩ ራሱ ሸቀጥ ሆነ። ቢድ ቦት የሚባሉ ላይክ የሚሸጡ ፕሮግራሞች መጡ፣ ትከፍላቸዋለህ ፖስትህን ላይክ ያደርጉልሃል፣ ትሬንዲንግ የሚባለው ብዙ ላይክ ያገኘ ፖስት የሚወጣበት ገጽ አንባቢ በወደደው ሳይሆን ጸሐፊው ራሱ በገዛው ላይክ ይሞላ ነበር። ላይክ አድራጊውም ስለሚከፈለው ሳያነብ በቦት እየተሽቀዳደመ መጫን ሆነ ስራው። ኦገስት 2019 ላይ ህጉን ቀየሩት፣ የጸሐፊውና የላይክ አድራጊው ድርሻ 75 ለ 25 የነበረው 50 ለ 50 ሆነ፣ ሌላው ደሞ ዳውንቮት (የላይክ ተቃራኒ፣ የፖስቱን ክፍያ የሚቀንስ) ማድረግ በፊት የራስህን የላይክ ጉልበት ይበላብህ የነበረው የተወሰነው ነጻ ተደረገ። ከዛ በኋላ ብዙዎቹ ቢድ ቦቶች ዘጉ ወይ ስራ ቀየሩ። እኔ በተለይ የዳውንቮቷ ነገር ነች የምትገርመኝ፣ ሌባን የሚጠቁመው ሰው ከራሱ ኪስ እየከፈለ ከሆነ ማንም አይጠቁምም፣ ይሄ ለናንተ ግሩፕም ያው ነው፣ ኮፒ ፔስት ያየ ሰው በቀላሉ ለአድሚን በውስጥ የሚልክበት መንገድ ይኑር፣ ስሙም አይነሳ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ለምሳሌ የሞባይል ጥገና ግሩፕ አላችሁ እንበል፣ ጠጋኞች የፈቱትን ችግር ፖስት እንዲያደርጉ ትፈልጋላችሁ።

በመጀመሪያ ብሩን አታምጡት። ጥቂት ሰው ይሁን፣ ሃያም ሰላሳም፣ ያለምንም ክፍያ የሚጽፉ የሚጠያየቁ ሰዎች ሲኖሩ ነው ሽልማት የሚጀመረው፣ ምክንያቱም የግሩፑን ጸባይ የሚያስይዙት እነሱ ናቸው፣ አዲስ የገባ ሰው የሚያየውን ነው የሚያደርገው። ሽልማቱንም ማስታወቂያ አታድርጉት፣ ፖስተራችሁ ላይ "ጽፈው ብር ያግኙ" ካላችሁ ያው በሃምስተር (ክሪፕቶ ታገኛላችሁ የተባለበት የቴሌግራም ጌም) ወቅት ስክሪን ሲነካ የከረመው ሰው ነው የሚመጣላችሁ፣ 2024 ላይ ያ ሁሉ ሰው ሌት ተቀን ተጭኖ ሴፕቴምበር ላይ ክሪፕቶው ሲከፋፈል ለብዙው ሰው የደረሰው እዚህ ግባ የማይባል ነበር፣ አሁን ነጻ ብር የሚል ነገር ሲያይ ወይ ይሸሻል ወይ ደሞ ቶሎ ወስዶ ልውጣ ይላል። ፖስተሩ ላይ ያለው "ሳምሰንግ ቻርጅ አልቀበል ሲል እንዲህ ፈታነው" ይሁን። ስለ ሽልማቱ ግሩፑ ውስጥ ሲገባ ይሰማል።

መጠኑ ላይ ደሞ ተጠንቀቁ። 200 ብር ዋሽንግተን ላለ ሰውና አዲስ አበባ ላለ ተማሪ አንድ አይደለም፣ ሽልማቱ የቀን ገቢ የሚያክል ከሆነ ሰው እንደ ስራ ነው የሚይዘው፣ ልክም ነው፣ እንደሱ ከሆነ ሽልማት ማለቱን ትታችሁ ሰው ቅጠሩና ደመወዝ ክፈሉ፣ አይሻልም? ሽልማት ማለት ሰው ለማንኛውም ያደርገው ለነበረው ነገር አመሰግናለሁ ማለት ነው።

ዋናው ጉዳይ ምን ይሸለማል የሚለው ነው። የፖስት ብዛት አትቁጠሩ፣ ላይክም አትቁጠሩ፣ ሁለቱም በፌክ አካውንት ይሰራሉ። እኔ ብሆን የምጠይቀው ይሄን ነው፣ ፎቶው የራስህ ጠረጴዛ ላይ የተነሳ ይሁን፣ ቦርዱ፣ የመልቲሜትሩ ንባብ፣ አጠገቡ ዩዘርኔምህና ቀኑ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት። ከጎግል ያወረደ ሰው እዚች ወረቀት ላይ ነው የሚቀረው። ከዛ ክፍያው ወዲያው አይደለም፣ ሌላ ጠጋኝ "ሞከርኩት ሰራልኝ" ብሎ የራሱን ፎቶ ሲያመጣ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ተመሳጥረው ሊሰሩት ይችላሉ አዎ፣ ግን ስልክ ከፍተው ፎቶ አንስተው ለ200 ብር ይሄን ሁሉ ከለፉ በቃ ግማሽ ጠጋኝ ሆነዋል ማለት ነው። ኤአይ የጻፈውንም ያው ይሄው ያጣራዋል። ስታክ ኦቨርፍሎው የሚባለው የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረገጽ ዲሴምበር 2022 ላይ የቻት ጂፒቲ መልስ የከለከለው ላይ ላዩን ሲያዩት ልክ የሚመስል ግን ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መልስ ስለጎረፈበት ነው፣ የሞተ ቦርድ ላይ ደሞ የተሳሳተ መልስ ቀልድ አይደለም።

ክፍያ በወር አንዴ ይሁን። ስቲም ላይ ያስቀመጥከውን ለማውጣት መጀመሪያ 104 ሳምንት ነበር፣ በኋላ 13 አደረጉት፣ 104ቱ የበዛ ነው ግን ሀሳቡ ይገባኛል፣ ዛሬ ወስዶ ነገ ሊጠፋ የመጣ ሰው መጠበቅ አይችልም።

ማን ይዳኝ? ሶስት ሰው፣ በየሁለት ወሩ የሚቀያየር፣ ዳኛ በሆነበት ጊዜ መሸለም የማይችል። ይሄን የምለው ዝም ብዬ አይደለም፣ ሬዲት የሚባለው የውይይት ድረገጽ የክሪፕቶ ግሩፑ ላይ ለሚጽፉ ሰዎች ሙን የሚባል በገንዘብ የሚሸጥ ነጥብ ከ2020 ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቶ ኦክቶበር 2023 ላይ ላቆም ነው ሲል አንዳንድ ሞደሬተሮች (የግሩፑ አድሚኖች) ወሬው ለሰፊው ሰው ከመነገሩ በፊት የያዙትን ሽጠው ተገኙ። ከውሳኔው ቀድሞ የሚያውቅ ሰው እጁ ላይ ሽልማቱም ካለ መጨረሻው ይሄ ነው። ዳኞቹ ለምን እንደመረጡ በሁለት መስመር ይጻፉ፣ ነጥብ በሂሳብ ቀመር አታውጡ፣ ቀመር ካወጣችሁ ሰው የሚሰራው ለቀመሩ ነው።

አድ ላደረገ ምንም አትክፈሉ። ምንም። የግድ ከፈለጋችሁ የጋበዘው ሰው ከሁለት ወር በኋላ የሚሸለም ፖስት ካመጣ ያኔ ጋባዡንም አመስግኑ። ቴሌግራም ላይ መግቢያውን በአድሚን ማጽደቅ አድርጉት፣ ሰው ሊገባ ሲል "ምን ትጠግናለህ የት ነህ" የምትል አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ መልስ የማይሰጠው ብዙ ነው ታያላችሁ።

በቴሌብር የምትልኩ ከሆነ አንድ ቁጥር በወር አንዴ ብቻ፣ ሶስት አካውንት ይዞ የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋር ነው የሚታወቀው ምክንያቱም ብሩ የሚገባበት ቁጥር አንድ ነው። መታወቂያ አትሰብስቡ ሸክም ነው። እና አንድ መልእክት ፒን አድርጉ፣ "አድሚን ሽልማት ለመላክ ብር ወይም የቴሌብር ፒን አይጠይቅም"፣ ሽልማት ያለበት ግሩፕ ላይ የአድሚን ፎቶና ስም አስመስሎ በውስጥ የሚያወራ አጭበርባሪ መምጣቱ አይቀርም፣ የሚበላው ደሞ በጣም ቅን የሆነውን አባል ነው።

ከብር ውጪ ያለውን አትርሱ እንጂ። ስታክ ኦቨርፍሎው ከ2008 ጀምሮ ለሚመልስ ሰው ብር አይሰጥም፣ ነጥብ ነው፣ ነጥቡም ስልጣን ይከፍታል፣ ለብዙ ዓመት 15 ሲሞላህ አፕቮት (ላይክ) ማድረግ፣ 50 ሲሞላህ የትም ኮሜንት መጻፍ እያለ ይሄድ ነበር። ለጠጋኝ ደሞ ከ200 ብር የሚበልጥ ነገር አለ፣ ደንበኛ። "መርካቶ አካባቢ ማን ጎበዝ ነው" ብሎ ለሚጠይቅ ሰው የሱን ስም መስጠት። ወይ ስኬማቲክ (የቦርዱ የወረዳ ንድፍ) የተቀመጠበት ዝግ ግሩፕ ውስጥ ማስገባት። ለብር የመጣ ሰው ይሄን ምን ያደርግለታል፣ ጠጋኙ ግን ያብድለታል።

አንዴ ኮፒ ፔስት ያደረገን ሁሉ ወዲያው አታባሩ፣ ልጅ ሆኖ ህጉ ሳይገባው ሊሆን ይችላል፣ የዛን ወር ዝለሉትና ለምን እንደሆነ በውስጥ ንገሩት፣ ሁለተኛ ከደገመ ይውጣ።

ሌላው በዓመት አንድ ወር ሽልማት የለም በሉ፣ ቀድማችሁ አሳውቁ፣ ምክንያት አትደርድሩ። ብዙ ሰው ዝም ይላል፣ አትደንግጡ። የዛን ወር ዝም ሳይሉ የጻፉትን ስማቸውን መዝግቡ፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ሶስቱን ዳኞች ከነሱ ምረጡ።