ዕለታዊ የእንግሊዝኛ ቃላትንና ፍሬዛል ቨርብን እንዴት ማጥናት ይቻላል?

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ የተከታተሉ ብዙ ሰዎች «ፖስትፖን» (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ) እና «ቶለሬት» (ታግሶ መቻል) የሚሉትን ቃላት ያለ ችግር ይረዳሉ፤ ተራው ተናጋሪ ይህንኑ ሐሳብ በየቀኑ የሚገልጽባቸውን «ፑት ኦፍ» እና «ፑት አፕ ዊዝ» ሲሰሙ ግን ግራ ይጋባሉ። የመማሪያ መጻሕፍት በአብዛኛው ከላቲንና ከፈረንሳይኛ የገቡትን መደበኛ ቃላት ሲያስተምሩ፣ የቤትና የሥራ ቦታ ንግግር ግን አጫጭር ግሶች እንደ «አፕ»፣ «ኦፍ» እና «አውት» ካሉ ደቃቅ ቃላት ጋር ተጣምረው በሚፈጥሯቸው አገላለጾች የተሞላ ነው። ፍሬዛል ቨርብ የሚባለው ይህ ጥምረት ነው።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ብድግ አለ» ወይም «ዝም አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም፤ «አለ» የሚለውን ነጥለን ሳንተረጉም ሙሉውን እንደ አንድ ግስ እንረዳዋለን። ፍሬዛል ቨርብንም መያዝ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው።

በመጀመሪያ የሚያጠኑትን ከራስዎ ውሎ ይምረጡ። እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር የሚኖር ሰው ክሊኒክ፣ የሥራ ቦታ ወይም የልጆች ትምህርት ቤት አስቦ እዚያ የሚነገረውን ይሰብስብ። አሜሪካ ውስጥ ነርሷ ራስዎን ስተው እንደሆነ ለመጠየቅ «ፓስ አውት»፣ አስመልሶዎት እንደሆነ ለመጠየቅ ደግሞ «ስሮው አፕ» ልትል ትችላለች፤ «ፌይንት» እና «ቮሚት»ን ብቻ የሚያውቅ ታካሚ ጥያቄው ሳይገባው «የለም» ብሎ ሊመልስ ስለሚችል፣ ከክሊኒክ ቃላት መጀመርን አጥብቄ እመክራለሁ። ቅጽ መሙላት «ፊል አውት»፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ «ድሮፕ ኦፍ»፣ ሄዶ ማምጣት «ፒክ አፕ»፣ ሥራ ሲገቡ ሰዓት ማስመዝገብ «ክሎክ ኢን» ነው። ለተራ ቃላት ምርጫ ደግሞ የድግግሞሽ ዝርዝሮች፣ ማለትም በብዛት የሚያገለግሉ ቃላት ስብስቦች፣ ይረዳሉ፤ ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጄኔራል ሰርቪስ ሊስት ወደ 2,000 የሚጠጉ መሠረታዊ ቃላትን የያዘ ሲሆን፣ በ2013 እ.ኤ.አ. በአዲስ መልክ የተዘጋጀ ዝርዝርም አለ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማንሳት አያስፈልግም፤ በሳምንት 10 ያህል በቂ ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ጌት አፕ፣ ጌት ኦፍ፣ ጌት ኦቨር» እያሉ በአንድ ግስ ሥር መደርደር በብዙ መጻሕፍት የተለመደ ቢሆንም፣ የሚመሳሰሉ ቃላት አንድ ላይ ሲጠኑ እርስ በርስ ስለሚምታቱ ለጀማሪ አይበጅም። ደግሞም «ፒክ አፕ» ዕቃ ማንሳትም፣ ሰውን ሄዶ ማምጣትም፣ ቋንቋን በመስማት መልመድም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የገጠመዎትን ትርጉም ብቻ ይያዙና ሌላው በራሱ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ይጨምሩት።

ብዙዎች የሚዘሉት ሦስተኛው ሥራ የተሳቢውን ቦታ ማወቅ ነው። ልጁን ማምጣት «ፒክ አፕ ዘ ቦይ» ወይም «ፒክ ዘ ቦይ አፕ» ሊባል ይችላል፤ በስሙ ፈንታ ተውላጠ ስም ሲገባ ግን «ፒክ ሂም አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ሂም» አይባልም። መንከባከብ የሚል ትርጉም ያለው «ሉክ አፍተር» በአንጻሩ ፈጽሞ አይለያይም፤ ሁልጊዜ «ሉክ አፍተር ሂም» ነው። ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጁ መዝገበ ቃላት ተሳቢውን የሚወክለውን ምልክት (ለምሳሌ sb ወይም sth) በጥምረቱ መካከል ካስቀመጡት የሚለያይ፣ ከመጨረሻው ካስቀመጡት የማይለያይ መሆኑን ማሳየታቸው ነው። ስለዚህ ደብተርዎ ላይ ለእያንዳንዱ ጥምረት በተውላጠ ስም የተሠራ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ሕጉን ከመሸምደድ ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን መልመድ ይቀላል።

ከዚያ ድምፁን ይስሙ። በአሜሪካውያን ፈጣን ንግግር «ፒክ ኢት አፕ» የሚለው «ፒኪዳፕ»፣ «ፑት ኢት ኦፍ» ደግሞ «ፑዲዶፍ» ሆኖ ይሰማል፤ ጠንከር ብሎ የሚነገረውም ግሱ ሳይሆን የመጨረሻው ቃል ነው። በጽሑፍ ያወቁትን በጆሮ የሚስቱት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ድምፅ ያለው የስልክ መዝገበ ቃላት ከፍተው ዓረፍተ ነገሩን ከፍ ባለ ድምፅ ይድገሙት።

ክለሳውን በካርድ ያድርጉ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው የተጠና ነገር በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ሰባስቲያን ላይትነር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴም ለዚሁ ይጠቅማል፦ ያወቁት ካርድ ዘግይቶ ወደሚከለስ ሣጥን ያልፋል፣ የሳቱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በካርዱ ፊት ሁኔታውን በአማርኛ፣ በጀርባው ዓረፍተ ነገሩን በእንግሊዝኛ ይጻፉ፤ እንግሊዝኛውን አይቶ መረዳት፣ በተፈለገ ጊዜ ከራስ አስታውሶ ከመናገር በጣም ስለሚቀል፣ መለማመድ የሚያስፈልገው ከባዱን ነውና።

በመጨረሻም በዚያው ሳምንት ይናገሩበት፤ ለልጅዎ መምህር፣ ለሥራ ባልደረባዎ ወይም በስልክ መልእክት። የሥራ ማመልከቻና ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን «ፖስትፖን»ን የመሰሉት መደበኛ ቃላት ይበልጥ ስለሚስማሙ፣ በትምህርት ቤት ያገኟቸውን ለዚያ ይዘው ይቆዩ።